ከፊርማው በፊት ሥራው፦ ስለ እህትማማች ትምህርት ቤቶች ለተላኩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የጥያቄና መልስ አምዳችን የሚያስተናግደው በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ስለሚመሠርቱት የእህትማማችነት ግንኙነት ከአንባቢዎች የደረሱንን ደብዳቤዎች ነው። ጸሐፊዎቹ ርዕሳነ መምህራን፣ መምህራንና ወላጆች ሲሆኑ፣ በጠየቁን መሠረት ስማቸውን ትተን የሥራ ድርሻቸውን ብቻ ጠቅሰናል። በመልሶቹ ውስጥ የሚገኙት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ አገር ከሚገኝ ትምህርት ቤት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመን፣ ወላጆችና እንግዶች በተገኙበት በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተለዋውጠን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ የመልካም ምኞት መልእክት ከመጻጻፍ በቀር ምንም አልሠራንም። ሰነዱ በመስታወት ተደርጎ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጉዳዩን ለመተው ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም፤ ለማንቀሳቀስ ደግሞ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የተከበሩ ርዕሰ መምህር፤ የገጠመዎት ነገር ብዙ ትምህርት ቤቶችን የገጠመ ስለሆነ የራስዎ ድክመት ብቻ አድርገው አይውሰዱት። እኔም በመምህርነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ግንኙነት ሲወለድም ሲከስምም አይቻለሁ። ሲከስም በአብዛኛው ምክንያት ሆኖ የሚቀርበው የገንዘብ እጥረት ነው፤ እኔ እንደታዘብሁት ግን ችግሩ የሚጀምረው ከቅደም ተከተሉ ነው። ሁለቱ ኃላፊዎች ይፈራረማሉ፣ ከዚያም ሥራው ለመምህራን ይተላለፋል፤ መምህራኑ ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ ምን እንደሚሠሩም ከመካከላቸው ማንም አስቀድሞ አላሰበበትም። ሰነዱ «ትብብርን ስለ ማጠናከር» እና «ልምድ ስለ መለዋወጥ» ይናገራል እንጂ በመጪው ማክሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የትኛው ክፍል ምን እንደሚያደርግ አይናገርም።

ጸንተው የቆዩ ግንኙነቶችን ታሪክ ስንመለከት ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ፈረንሳዊው መምህር ሰሌስታን ፍሬኔ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ላይ ቆስሎ ስለነበር ረጅም ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማስተማር ይከብደው ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ ኮረብታማ በሆነችው ባር ሱር ሉ በተባለች መንደር ሲያስተምር፣ በ1924 ገደማ አነስተኛ የማተሚያ መሣሪያ ወደ ክፍሉ አስገባና ልጆቹ ስለ ራሳቸው ኑሮ የጻፉትን ፊደል በፊደል እየለቀሙ ያትሙ ጀመር። በ1926 ደግሞ ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ በብሪታኒ የባሕር ጠረፍ ትሬጉንክ በተባለ ስፍራ ከሚያስተምረው ከሬኔ ዳንኤል ክፍል ጋር የታተሙ ጽሑፎችንና እሽጎችን ይለዋወጡ ጀመር። ሁለቱ ክፍሎች የአንድ አገር ክፍሎች ቢሆኑም ለኮረብታው ልጅ የባሕሩ ልጅ ኑሮ እንግዳ ነበር፤ ስለዚህም የሚጠይቀውም የሚመልሰውም ነገር አላጣም። ግንኙነቱ የተነሣው ሁለት መምህራን በየክፍላቸው ይሠሩት ከነበረው ሥራ ነበር።

በአገሮች መካከልም ያው ነው። የጀርመኗ ሉድቪግስቡርግና የፈረንሳይዋ ሞንቤሊያር እህትማማች ከተሞች የሆኑት በ1950፣ ማለትም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱ መንግሥታት የኤሊዜን የወዳጅነት ስምምነት የተፈራረሙት ደግሞ በጥር 1963 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመው የፈረንሳይና የጀርመን የወጣቶች ጽሕፈት ቤት እስካሁን ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶችን በልውውጥ አገናኝቷል። የመንግሥታቱ ስምምነት ለእንቅስቃሴው ገንዘብና መዋቅር ሰጠው፤ ሰዎቹ ግን መገናኘት የጀመሩት ስምምነቱን ሳይጠብቁ ነበር።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። ሰነዱን ለጊዜው እዚያው ግድግዳው ላይ ይተዉትና ከመምህራንዎ መካከል አንድ ፈቃደኛ ሰው ይፈልጉ፤ በደብዳቤ የሚመደብ ሰው ሳይሆን በጉዳዩ ልቡ የተነካ ሰው ማለቴ ነው። የእህት ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርም እንዲሁ እንዲያደርጉ ይጠይቋቸው። ሁለቱ መምህራን አንድ የትምህርት ዓይነት፣ አንድ ክፍልና ከስድስት ሳምንት የማይበልጥ ጊዜ ይምረጡ። የመጀመሪያው መልእክት ሰላምታ ብቻ ከሆነ የሚመጣውም መልስ ሰላምታ ብቻ ስለሚሆን፣ መልእክቱ ቀጥታ ወደ ሥራው ይግባ፤ ለምሳሌ «የዘጠነኛ ክፍል ሳይንስ መምህር ነኝ፤ 38 ተማሪዎች አሉኝ፤ በቅርቡ ስለ ውሃ አጠቃቀም እናስተምራለን፤ ተማሪዎቼ በትምህርት ቤቱ የሚፈጀውን ውሃ ለአንድ ሳምንት መዝግበው ይልኩላችኋል፤ የእናንተም ተማሪዎች እንዲሁ ቢያደርጉ በአራተኛው ሳምንት ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጠን ልዩነቱ ከምን እንደመጣ እንጠያየቃለን» የሚል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን መልእክት የተቀበለ መምህር «እሺ» ወይም «አይመቸኝም» ለማለት የሚያስችለው ተጨባጭ ነገር በእጁ አለ።

እንዲህ ያሉ ሁለት ሥራዎች ከተጠናቀቁ በኋላ ሰነዱን ከግድግዳው አውርደው እንደገና ይጻፉት። አዲሱ ሰነድ ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም። በየትምህርት ቤቱ ዋና አስተባባሪውና ምክትሉ እነማን እንደሆኑ፣ በዓመት ስንት የጋራ ሥራ እንደሚሠራ፣ መልእክት በስንት ቀን ውስጥ መመለስ እንዳለበት፣ የተማሪዎች ፎቶግራፍና ጽሑፍ እንዴት እንደሚያዝ፣ ወጪ ቢኖር ማን እንደሚሸፍን፣ ስምምነቱ መቼ እንደሚታደስና ከወገኖቹ አንዱ ማቆም ቢፈልግ በምን መንገድ እንደሚያስታውቅ በግልጽ ይጻፍበት። የማቆሚያውን መንገድ መጻፍ እንደ ሟርት ሊታይ አይገባም፤ በክብር የሚወጣበት በር የሌለው ግንኙነት እንደ እርስዎ ሰነድ ሳይሞትም ሳይኖርም ተሰቅሎ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ገና እህት ትምህርት ቤት የለንም። በውጭ አገር የምናውቀው ሰውም የለም። አስተማማኝ የሆነ አጋር ከየት ይገኛል?

መልስ፦ በዚህ መስክ ረጅም ዕድሜ ካላቸው መረቦች አንዱ የዩኔስኮ ተባባሪ ትምህርት ቤቶች መረብ ነው። በ1953 በ15 አገሮች በሚገኙ 33 ትምህርት ቤቶች የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ180 በላይ አገሮችን ያቀፈ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው በየአገሩ ባለው የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን በዚያ በኩል የሚገኘው አጋር ማንነቱ ተጣርቶ የተመዘገበ ትምህርት ቤት ነው። አይ-ኧርን የሚባለው መረብ ደግሞ መነሻው በ1988 በሞስኮና በኒውዮርክ ግዛት ትምህርት ቤቶች መካከል የተደረገ የኮምፒዩተር ግንኙነት ሲሆን፣ መምህራን ያወጧቸውን የጋራ ሥራዎች ተመልክቶ በሚስማማ ሥራ ላይ መቀላቀል ያስችላል። ከላይ ለርዕሰ መምህሩ ከሰጠሁት ምክር ጋር የሚገጥመው ይህኛው አሠራር ነው፤ አስቀድሞ ሥራው ይታያል፣ ትውውቁ ይከተላል። በአውሮፓ ኅብረትና በአንዳንድ ጎረቤት አገሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች ከ2005 ጀምሮ ኢትዊኒንግ የተባለውን አገልግሎት ይጠቀማሉ። የጀርመንኛ ትምህርት ለሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የጀርመን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2008 የጀመረው ፓሽ የተባለ መረብ አለ።

ከእነዚህ በፊት ግን ቅርብ ያለውን በር ማንኳኳት ይገባል። ከተማችሁ እህት ከተማ ካላት የከተማው አስተዳደር በእህት ከተማይቱ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሊያገናኛችሁ ይችላል። ከትምህርት ቤቱ ተመርቀው በውጭ አገር የሚኖሩና ልጆቻቸውን እዚያ የሚያስተምሩ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የተሻሉ አገናኞች ናቸው፤ ሁለቱንም ወገኖች ያውቃሉ፣ ነገሩ ሲዘገይም አንዱን ወገን በስልክ ማስታወስ ይችላሉ። አጋር ሲመረጥ የትምህርት ቤቱ ዝና ብዙ አያሳስባችሁ። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች የክፍል ደረጃና የተማሪ ብዛት መቀራረቡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወዲያኛው ወገን መልስ የሚጽፍ መምህር መኖሩ ይበልጣል። ሦስት መልእክት ጽፋችሁ አንድም ቁም ነገር ያለው መልስ ካላገኛችሁ፣ ቅር ሳትሰኙ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሂዱ።

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከእህት ትምህርት ቤታችን ጋር ያደረግነው ነገር ሁሉ «ስሜ እንዲህ ነው፣ የምወደው ስፖርት እንዲህ ነው» ከሚል ትውውቅ አላለፈም። ተማሪዎቹ በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ የሚጽፉት ጠፋቸው። ከትምህርቱ ጋር የሚያያዝ ሥራ ቢጠቁሙኝ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በደስታ ነው የምመልሰው፤ ምክንያቱም ሁለት ሩቅ ትምህርት ቤቶች ካልተባበሩ በቀር አንዳቸው ብቻቸውን ሊሠሩት የማይችሉት ሥራ አለ፣ እርሱም የምድርን ዙሪያ መለካት ነው። ተማሪዎቹ በእርግጥ እንደሚፈላለጉ የሚያውቁት እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥማቸው ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ፣ በበጋው ረጅም ቀን እኩለ ቀን ላይ በስየኔ፣ ማለትም በዛሬዋ አስዋን፣ ፀሐይ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ታች እንደምታበራ ያውቅ ነበር። በዚያው ቀን በእስክንድርያ የሚታየው ጥላ ግን ፀሐይ ከአናት በክበብ አንድ ሃምሳኛ ያህል ዘንበል እንዳለች አመለከተው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሃምሳ ሲያባዛ የምድርን ዙሪያ አገኘ።

የእናንተ አሠራር እንዲህ ይሁን። በሁለቱም ትምህርት ቤቶች አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ይተከል፤ የመሬቱ ደልዳላነት በውሃ ልክ፣ የዘንጉ አቋቋም በቱንቢ ይረጋገጥ። እኩለ ቀን ከመሆኑ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በየአምስት ደቂቃው የጥላው ጫፍ በኖራ ምልክት ይደረግበት፤ ጥላው እያጠረ ሄዶ እንደገና መርዘም እስኪጀምርም ምልክቱ አይቋረጥ። ከሁሉም አጭሩ ጥላ የዚያ ስፍራ እውነተኛ ቀትር ነው። ይህ ቅጽበት የግድግዳው ሰዓት ከሚያሳየው እኩለ ቀን ጋር ላይገጥም እንደሚችል ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲደርሱበት ይገረማሉ። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ቀትር በተለያየ ሰዓት መዋሉ ችግር የለውም፤ ቀኑ አንድ መሆኑ ይበቃል።

በአንደኛው ትምህርት ቤት አጭሩ ጥላ 84 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 40 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። የጥላው ርዝመት ለዘንጉ ርዝመት ሲካፈል ፀሐይ ከአናት የምታዘነብልበትን ማዕዘን ታንጀንት ስለሚሰጥ፣ የመጀመሪያው 40 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 22 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ታንጀንት ያልተማሩ ልጆች ጎነ ሦስቱን በወረቀት ላይ አሳንሰው ሥለው ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ሊለኩት ይችላሉ። ሁለቱ ጥላዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ከወደቁ ማዕዘኖቹ ይቀናነሳሉ፤ አንዱ ወደ ሰሜን ሌላው ወደ ደቡብ ከወደቀ ይደመራሉ። በምሳሌያችን ልዩነቱ 18 ዲግሪ ነው። 360 ለ18 ሲካፈል 20 ስለሚሆን፣ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል ያለው የሰሜን ደቡብ ርቀት 2,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ እውነተኛውም ልክ ለዚህ እጅግ የቀረበ ነው። ርቀቱ ከካርታ ላይ ሲወሰድ መወሰድ ያለበት በሁለቱ ስፍራዎች የኬክሮስ መስመሮች መካከል ያለው እንጂ የመንገዱ ወይም የአውሮፕላኑ ርቀት አይደለም።

እህት ትምህርት ቤቱ በሰሜን ደቡብ አቅጣጫ ቢያንስ 1,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ መልካም ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ300 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ትምህርት ቤቶች የማዕዘን ልዩነታቸው ሦስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ በልኬቱ ላይ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ቢገባ ውጤቱ በሙሉ ይበላሻል። በአንደኛው ስፍራ ሰማዩ ቢደምንስ? በመጋቢትና በመስከረም ማለቂያ ገደማ ፀሐይ በአንድ ቀን ውስጥ 0.4 ዲግሪ ያህል ቦታዋን ስለምትለውጥ በሌላ ቀን የተወሰደ ልኬት አይጠቅምም። በሰኔ 21 እና በታኅሣሥ 21 ገደማ ግን ለውጧ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ልዩነት አያስቸግርም። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት አካባቢ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ክፍት ከሆኑ እነርሱን ምረጡ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። የመጀመሪያው ውጤት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ይሆናል፤ 33,000 ወይም 46,000 ኪሎ ሜትር ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ደብዳቤ የሚጽፉበት ምክንያት ያገኛሉ። «ዘንጉን በቱንቢ አይታችሁት ነበር? አጭሩ ጥላ ያላችሁት ስንት ሰዓት ላይ የወደቀው ነው? መሬታችሁ ተዳፋት አይደለም?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በዚያው ልክ ይጠየቃሉ። አንዱ የሌላውን ስሕተት በትሕትና መጠቆምን፣ የራሱንም ያለ ኀፍረት ማመንን ይማራል። ስለሚወዱት ስፖርት የሚጻጻፉበት ጊዜም ከዚህ በኋላ ራሱ ይመጣል፤ አሁን ግን የሚጻጻፉት ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ነው። በዚህ ዓይነቱ ሥራ መቀጠል የሚወዱ ክፍሎች በ1995 ሥራ የጀመረውን ግሎብ የተባለ መርሐ ግብር ሊመለከቱ ይችላሉ፤ በብዙ አገሮች ያሉ ተማሪዎች የሙቀት፣ የዝናብ፣ የአፈርና የውሃ ልኬቶችን በአንድ ዓይነት ሥርዓት የሚመዘግቡበት ነው።

ጥያቄ፦ እኛና እነርሱ የጋራ ቋንቋችን ደካማ ነው፣ የሰዓት ልዩነታችንም ሰፊ ነው። ግንኙነቱ በቀጥታ የቪዲዮ ውይይት መሆን አለበት?

መልስ፦ የለበትም። እንዲያውም ቋንቋ ለሚቸግራቸው ተማሪዎች የጽሑፍና የተቀረጸ ድምፅ ልውውጥ ይሻላቸዋል፤ መዝገበ ቃላት ገልጠው፣ አስበውና አርመው መላክ ይችላሉ። በቀጥታ ውይይት ግን የሚናገሩት ሁልጊዜ ቋንቋ የቀለላቸው ሦስት ወይም አራት ልጆች ብቻ ናቸው። የቪዲዮ ውይይት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ተማሪዎቹ በጋራ የሠሩት ነገር ከኖረ በኋላ ይበቃል። ቀጠሮ ሲያዝ ሰዓቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ይጻፍ፤ ለምሳሌ ኔፓል ከዓለም አቀፉ ሰዓት በአምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ትቀድማለች፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን የሚያዞሩም ብዙ ናቸው። የትምህርት ዘመኑንም አትርሱ፤ በጃፓን በሚያዝያ ይጀመራል፣ በአውስትራሊያ ደግሞ በጥር መጨረሻ ተጀምሮ በታኅሣሥ ያበቃል። በዓመቱ መጀመሪያ ሁለቱን የትምህርት ቤት ካላንደሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለቱም ክፍት የሆኑባቸውን ሳምንታት ማክበብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ትምህርት ቤቱ ልጄን ከሌላ አገር ልጆች ጋር ሊያጻጽፋት እንደሆነ ነገረን። ሐሳቡን ባልጠላውም ፎቶግራፏና አድራሻዋ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ማወቅ እፈልጋለሁ። መጠየቄ ትምህርት ቤቱን ማስቸገር ይሆንብኛል?

መልስ፦ እመቤቴ፤ መጠየቅዎ መብትዎም ግዴታዎም ነው፣ ጥያቄዎን የማይወድ ትምህርት ቤት ካለ ለሥራው አልተዘጋጀም ማለት ነው። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 16 ላይ የሕፃኑን የግል ሕይወትና የደብዳቤ ግንኙነት ከሕገ ወጥ ጣልቃ ገብነት ይጠብቃል። አጋሩ ትምህርት ቤት በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ይመለከተዋል። በዚያ ደንብ መሠረት በፈቃድ ላይ ለተመሠረተ የኢንተርኔት አገልግሎት ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አገሮች ይህን ዕድሜ እስከ 13 ድረስ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ።

ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ሊጠይቋቸው የሚገቡት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ደብዳቤዎቹ የሚላኩት በትምህርት ቤቱ አድራሻ በመምህሩ በኩል ነው ወይስ ልጆቹ በግል አድራሻቸው ይገናኛሉ? በልጅዎ ዕድሜ ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ የሚጠቀሙት የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ ነው? ፎቶግራፍ የሚላክ ከሆነ የቡድን ነው ወይስ የግል፣ ስምስ ይጻፍበታል? የሁለተኛው ትምህርት ቤት መምህራን ፎቶግራፉን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዳይለጥፉት በሰነዱ ተስማምተዋል? በቪዲዮ ውይይት ጊዜ በሁለቱም ወገን መምህር ይገኛል? ቀረጻው ይቀመጣል ወይስ ይሰረዛል? የማያስደስት ነገር ቢጻፍላት ልጅዎ ለማን ትነግራለች?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ልጅዎን ቢፈቅዱላት ደስ ይለኛል። ፈቃድዎን በማንኛውም ጊዜ ማንሳት እንደሚችሉ በፈቃድ ቅጹ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ፎቶግራፏ እንዳይላክ ከመረጡም በሥዕል፣ በድምፅ ወይም በእጅ ጽሑፍ መሳተፍ ትችላለች፤ ፎቶግራፍ ስላልላከች ከሥራው የምትገለልበት ምክንያት የለም።

ጥያቄ፦ እህት ትምህርት ቤታችን ከእኛ የተሻለ አቅም አለው። መጻሕፍትና ኮምፒዩተር ልከውልናል፣ እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን ተማሪዎቻችን ራሳቸውን እንደ ተረጂ መቁጠር ጀምረዋል። እኛም ምን እንደምንሰጥ አላወቅንም። ስጦታውን እንቢ እንበል?

መልስ፦ ጥያቄው ጥልቅ ነው፤ እኔንም ለብዙ ጊዜ አሳስቦኛል። በአንድ ወቅት በማውቀው ትምህርት ቤት ከሩቅ አገር መጻሕፍት በካርቶን መጡ፤ ተማሪዎቹም የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ ታዘዙ። ሁሉም ጽፈው ካስረከቡ በኋላ አንዲት ተማሪ ተነሥታ እነርሱስ ለእኛ ምን ይጽፉልናል ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት አልተገኘም። ደብዳቤዎቹ ተላኩ፤ ለአንዳቸውም መልስ አልመጣም። ግንኙነቱ የቆመው ያን ዕለት ነው እላለሁ፤ ካርቶኖቹ ግን ከዚያም በኋላ ለጥቂት ጊዜ መምጣታቸውን ቀጥለው ነበር።

የሥነ ልቦና ሊቁ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንዳስረዳው፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻውን የተዛባ አመለካከትን አይቀንስም። የሚቀንሰው በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ ግቡን ለመድረስ ሲተባበሩና የበላይ አካላት ሲደግፉት ነው። አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ከሆነ ከእነዚህ የመጀመሪያው ይጠፋል፤ በሰጪውም ወገን ያሉት ልጆች ይጎዳሉ፣ ምክንያቱም አንድን ሕዝብ በሚጎድለው ነገር ብቻ ማወቅ አለማወቅ ነው።

ስጦታውን እንቢ በሉ አልልም። ነገር ግን ከአስተባባሪው መምህር ጋር ይህን ጉዳይ በግልጽና በጨዋነት አንሡ፤ እነርሱም ብዙውን ጊዜ ጨንቋቸው ስለሚሰጡ ሲነገራቸው ይቀላቸዋል። ከዚህ በኋላ የሚላክ ዕቃ ካለ ለጋራ ሥራው የሚያስፈልግ ይሁን፤ ለጥላው ልኬት ቱንቢ ካስፈለገ በሁለቱም ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ቱንቢ ይኑር። የርክክብ ሥነ ሥርዓት አይደረግ፣ ዕቃ የተሸከሙ ልጆች ፎቶግራፍ አይነሡ። የሥራ ሐሳብ የማቅረቡ ተራም ይፈራረቅ፤ በአንዱ መንፈቀ ዓመት እነርሱ፣ በሌላው እናንተ።

ምን እንሰጣለን ላላችሁት፣ ተማሪዎቻችሁ ለትምህርቱ የሚፈለግ ዕውቀት አላቸው። ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ለአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች አንድ ነገር በተለያዩ ቋንቋዎች ሲነገር ምን እንደሚለወጥ ማስረዳት ይችላሉ። ከሽማግሌዎች ጋር የሚኖሩ ልጆች የቃል ታሪክ ሰብስበው መላክ ይችላሉ። የጥላው ልኬት ደግሞ ስለ እኩልነት ብዙ ያስተምራል፤ ሀብታሙ ትምህርት ቤት ያለ ድኻው ልኬት የምድርን ዙሪያ አያገኝም።

ጥያቄ፦ የግንኙነቱ አስተባባሪ ነበርሁ፤ በዚህ ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬያለሁ። ከእኔ መሄድ ጋር አብሮ እንዳይቀር ምን ላድርግ?

መልስ፦ አስቀድመው ማሰብዎ የሚያስመሰግን ነው፤ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ግንኙነት ያ ሰው ሲነሣ ይወድቃልና። ከመሄድዎ በፊት አንድ መዝገብ ያዘጋጁ። በውስጡም የእህት ትምህርት ቤቱ አስተባባሪዎች ስምና አድራሻ፣ እስካሁን የተሠሩት ሥራዎችና የተማሪዎቹ ውጤቶች፣ የወላጆች የፈቃድ ቅጾች፣ የጋራ መለያዎች የይለፍ ቃል፣ በመጪው ዓመት ሊሠራ የታሰበውና ገና መልስ ያልተሰጠባቸው መልእክቶች ይኑሩ። መዝገቡ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ። እስካሁን የጻፉት በግል ኢሜይልዎ ከሆነ በትምህርት ቤቱ ስም አዲስ አድራሻ ይከፈትና የቀድሞዎቹ መልእክቶች ወደዚያ ይተላለፉ።

ምክትል ያልነበረዎት ከሆነ ሁለት ተረካቢዎች ይፈልጉ፤ አንዱ ከሌላ የትምህርት ዓይነት ቢሆን የሥራው ዓይነት ይሰፋል። ከላይኛው ክፍል ሁለት ተማሪዎችም ከእነርሱ ጋር ይመደቡ። ከዚያ በሄዱበት ትምህርት ቤት ሥራ ከመጀመርዎ በፊት፣ ከተረካቢዎቹ ጋር ተቀምጠው ለእህት ትምህርት ቤቱ አንድ መልእክት አብረው ይጻፉ፤ መሰናበቻዎ በሁለት መስመር ይለቅና የቀረው ቦታ ተረካቢዎቹ በሚቀጥለው ወር ከክፍላቸው ጋር ሊሠሩት ላሰቡት ሥራ ይሁን፤ ሦስታችሁም ፈርማችሁበት ይላክ።